ደግም ናት፣ ትቆጣለችም፦ «2 ክንፍ 1» የሚባለው ጠባይ ምንድን ነው?

«እኔ 2 ነኝ፣ ክንፌ 1 ነው።» ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው የሒሳብ እንቆቅልሽ ሊመስለው ይችላል። ሰዎቹ ግን ስለ ጠባያቸው ነው የሚያወሩት። ኤኒያግራም የሚባል፣ የሰውን ጠባይ ዘጠኝ ቦታ የሚከፍል ዘዴ አለ። ፈተናው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ ለሠራተኞች ሥልጠና የሚጠቀሙበት መሥሪያ ቤቶች አሉ። ለጋብቻ ምክር የሚያነሱት ቤተ ክርስቲያኖችም አሉ።

ከዘጠኙ ውስጥ ለመረዳት ቀላል የሚመስለው 2 ነው። ረጂው ይባላል። «ደግ ሰው ማለት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ የሚወሳሰበው ረጂው ከጎኑ ካለው ከ1፣ ማለትም ከአራሚው፣ ጠባይ ሲጨመርበት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል። እዚያው ላይ ይቆጣል፣ ያርማል፣ «እንዲህ አይደረግም» ይላል። ቤተሰብ ግራ ይጋባል። ይሄን ያህል ለሰው የምትለፋ ሴት ለምን ትነጫነጫለች? ይሄን ያህል የሚያግዝ ሰውዬ ለምን እንደ ፈታኝ ያፈጥጣል?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ ኤኒያግራም ከየት መጣ?

ሥዕሉ ክብ ነው። በክቡ ዙሪያ ዘጠኝ ነጥቦች አሉ፤ መሀሉ ላይ ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች። ሥዕሉን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያስተዋወቀው፣ ዛሬ ጊዩምሪ በምትባለው የአርመን ከተማ የተወለደው መንፈሳዊ አስተማሪ ጆርጅ ጉርጂየፍ ነው። እሱ ስለ ጠባይ ዓይነቶች አላስተማረበትም። ሥዕሉን ከሰው ጠባይ ጋር ያገናኘው ቦሊቪያዊው ኦስካር ኢቻዞ ነው። በ1970 ቺሊ ውስጥ፣ አሪካ በምትባል ከተማ፣ ከኢቻዞ ከተማሩት አንዱ ክላውዲዮ ናራንሆ የተባለ ቺሊያዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ናራንሆ ትምህርቱን ወደ ካሊፎርኒያ ይዞት ሄደ። ከዚያ በካቶሊክ ጀስዊት ካህናት በኩል ተዛመተ። በ1980ዎቹ መጻሕፍት ሆኖ ወጣ፤ ዛሬ የምንሰማቸውን አብዛኞቹን ስያሜዎች ያስፋፉት አሜሪካውያኑ ዶን ሪሶ እና ራስ ሃድሰን ናቸው።

አንድ የፍርድ ቤት ነገር ልጨምር፤ ብዙ ነገር ያስረዳል። የኢቻዞ ድርጅት «ትምህርቱ የእኛ ንብረት ነው» ብሎ ሔለን ፓልመር የተባለችን ጸሐፊ ከሶ ነበር። በ1992 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለፓልመር ፈረደ። ድርጅቱ ራሱ ዓመታት ሙሉ «ይህ እኛ ያገኘነው የተፈጥሮ ሐቅ ነው» ሲል ኖሯል። ሐቅ ደግሞ የማንም የግል ንብረት አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ ማንም ተነስቶ የራሱን ኤኒያግራም ፈተና መጻፍ ይችላል። አንዱ ድረ ገጽ 2 ያላችሁ፣ ሌላው 9 ቢላችሁ አትደነቁ።

2 ማለት ደግ ሰው ማለት ነው?

ኤኒያግራም የሰውን ሥራ አይቶ አይፈርድም። የሚጠይቀው «ለምን ታደርገዋለህ?» ብሎ ነው። ሁለት ሰዎች ለአንድ በሽተኛ ምሳ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። አንዷ የሄደችው ሰውየው ስለራበው ነው። ሌላዋም ስለራበው ነው የሄደችው፤ ግን ውስጧ አንድ ሌላ ነገር አለ። ካልጠቀምኩ ማን ይፈልገኛል?

የ2 ፍርሃት ይህ ነው። «እንዲሁ ብቀመጥ አልወደድም።» ስለዚህ የሌላውን ሰው ችግር ገና ሳይናገር ያሸታል። ማን እንዳኮረፈ፣ ማን እንደደከመው፣ ማን ሳይበላ እንደመጣ ያውቃል። የራሱን ግን አያውቅም። «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ብትሉት ከልቡ ግራ ይገባዋል።

ኢቻዞና ናራንሆ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ክፉ ዝንባሌ ሰጥተዋል። ሐሳቡ ከጥንት መነኮሳት ትምህርት ጋር ይቀራረባል፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኢቫግሪየስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ዘርዝሮ ነበር። ለ2 የተሰጠው ዝንባሌ ትዕቢት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንዴት?» ይላል። ጎንበስ ቀና ብሎ የሚያገለግል ሰው ምን ትዕቢት አለው? አለው እንጂ። ሁሉም እኔን ይፈልጋል፣ እኔ ግን ማንንም አልፈልግም ማለት ትልቅ ነገር ነው። ከሰው ሁሉ ከፍ ማለት ነው፤ ነጠላ አደግድጎ ስለሚመጣ ብቻ አይታይም።

1ስ ማን ነው? ክንፍ የሚሉትስ?

1 አራሚው ነው። የሚፈራው ጥፋተኛ ሆኖ መገኘትን ነው። ውስጡ የማያርፍ ተቆጣጣሪ አለ። ትክክለኛው መንገድ አንድ ብቻ ይመስለዋል፤ ያንን መንገድ የማይከተል ሰው ያበሽቀዋል። የ1 ዝንባሌ ቁጣ ነው፤ ግን የሚጮኽ ቁጣ አይደለም። ጥሩ ሰው አይቆጣም ብሎ ስለሚያምን ያምቀዋል። የታመቀው ነገር በትችት፣ በመነጫነጭ፣ ጥርስ በመንከስ ይወጣል።

ክንፍ ማለት ደግሞ በክቡ ላይ ከዋናው ቁጥር ግራና ቀኝ ያለው ቁጥር ነው። 2 ከ1 እና ስኬቱ እንዲታይለት ከሚፈልገው ከ3 መሀል ነው ያለው። ከሁለቱ ወደ አንዱ ያዘነብላል። ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶችን አስቡ። ቤታችሁ የራሳችሁ ነው፤ ዕቃውም ሽታውም የእናንተ ነው። የጎረቤት ሬዲዮ ግን በግድግዳው ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ሳትፈልጉ ትሰሙታላችሁ። «2 ክንፍ 1» የሚባል ሰው ቤቱ 2 ነው። ሬዲዮው ከ1 ቤት ይመጣል። የሚለውም ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ይህ በቂ ነው? በትክክል ሠራኸው?»

ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ምን ይመስላል?

ለቅሶ ቤት እንሂድ። ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነው። አንዲት ሴት ከሁሉ ቀድማ ደርሳለች። ማንም አልጠራትም። ትልቁን የዕድር ድስት አስጥዳለች፤ ንፍሮው እየበሰለ ነው። ሐዘንተኛዋ ጉሮሮዋን ማርጠቧን ታያለች። ስኳር በሽታ ያለባቸው ሽማግሌ የት እንደተቀመጡ ታውቃለች፤ ሻያቸው ያለ ስኳር ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ 2 ናት።

ከዚያ አንዲት ወጣት ብርጭቆ በትሪ ደርድራ ስታልፍ ታያለች። አንዱን ታነሳና ወደ ብርሃን ትይዘዋለች።

«ይሄ ታጥቧል ነው የምትይኝ?»

«አሁን እኮ ነው ያጠብኩት፣ እትዬ።»

«ለእንግዳ እንዲህ አይቀርብም። አምጪው።»

ትሪው ላይ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ ራሷ ትደግመዋለች። ወጣቷ ፊቷ ይለዋወጣል፤ ጥግ ይዛ ትቆማለች። ማታ ሁሉም ሲቀመጥ «ነይ እንጂ ቅመሺ» ትባላለች። «ተዉኝ፣ እኔ ምንም አልፈልግም። ለእኔ አታስቡ።» ቤቷ ስትገባ እግሯ አብጧል። ባሏ «ምን ሆንሽ?» ሲላት፣ «በዚህ ሰፈር ሰው የለም፣ ሁሉን እኔ» ትላለች።

ይህች ሴት ከጠዋት ጀምሮ ሰው ስትወድ ነው የዋለችው። ወጣቷ ግን የተወደደች አልመሰላትም። የተፈተነች ነው የመሰላት። 2 ክንፍ 1ን ለመረዳት ይህችን ክፍተት ማየት ይበቃል። ፍቅሩ ከደንብ ጋር ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። መርዳት አለብኝ፣ በትክክል መርዳት አለብኝ፣ ሌላውም እንደዚሁ መርዳት አለበት። ሌላው ሰው ግን ያን ደንብ አልፈረመም።

ሌላም አለ። 2 ብቻውን ቢሆን ኖሮ ማታ «ደከመኝ፣ አመስግኑኝ» የሚል ነገር በሆነ መንገድ ያስወጣ ነበር። የ1 ሬዲዮ ግን ይህንንም ያግዳል። ምስጋና መፈለግ ራስ ወዳድነት ነው ይለዋል። እርቦኛል ማለት ራስ ወዳድነት ነው። መቀመጥም ራስ ወዳድነት ነው። ስለዚህ ምስጋና በጣም ያስፈልጋታል፣ ሲመጣላት ደግሞ ትሸሸዋለች። «ኧረ ምን አደረግሁ» ትላለች። ፍላጎቷ በፊት ለፊት በር መውጣት አልቻለም፤ በጓሮ በኩል ትችት ሆኖ ይወጣል። «ማንም አይረዳኝም» ለማለት የሚያሳፍራት ሰው «ማንም ሥራ አያውቅም» ማለት አያሳፍራትም።

ሪሶና ሃድሰን ለዚህ ዓይነቱ ሰው የሰጡት ስም «አገልጋይ» የሚል ነው። ጥሩ ጎኑን መርሳት የለብንም፤ በእኔ ግምት ከዘጠኙም ሆነ ከክንፎቻቸው ሁሉ ሰው ችግር ውስጥ ሲገባ አጠገቡ ቢኖር የሚመርጠው ይህንን ነው። አያሞግስም። አይደልልም። ከማይወደው ሰው ጋር ቢሆንም ግዴታውን ይወጣል። የማይታየውን ሥራ ይይዛል፤ ሽንት ቤቱን ያጥባል፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ይመዘግባል፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ ወንበር ይሰበስባል። ቃል ከገባ ቀረ ማለት የለም።

ከሌሎቹ በምን ይለያል?

በዕድር እንየው። አንድ አባል የብዙ ወር መዋጮ አልከፈለም። ደንቡ ያልከፈለ ሰው አይረዳም ይላል። እናቱ ሞተችበት።

ገንዘብ ያዡ 2 ክንፍ 1 ከሆነ ማታውን ከራሱ ኪስ ከፍሎ ሒሳቡን ያስተካክላል። ደንቡም አልተጣሰም፣ ሰውየውም አልተዋረደም፤ የተጎዳው እሱ ብቻ ነው፣ ያንንም ለማንም አይናገርም። ለማንም ባለመናገሩም ውስጥ ውስጡን ይኮራል፤ ስለመኩራቱም ይጸጸታል። 2 ክንፍ 3 ቢሆን ድንኳኑ ውስጥ ተነስቶ «ወገኖቼ!» ይላል፤ ገንዘቡ በአሥር ደቂቃ ይሰበሰባል፣ ማን እንዳሰባሰበውም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። 1 ክንፍ 2 ደግሞ፣ ማለትም ቤቱ የአራሚው የሆነና ሬዲዮው ከረጂው የሚመጣለት ሰው፣ ለሰውየው ከልቡ ያዝናል። ደንቡ ግን ደንብ ነው። ለሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ ይጠራና አንቀጹ እንዲሻሻል ይከራከራል።

በታሪክ የምናውቀው ምሳሌ ይኖር ይሆን?

ሰውን ከውጭ ሆኖ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ ልቡን አናይምና። ቢሆንም ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ማንሳት ያግዛል። 1 ናት የሚል ሰው ቢመጣ ብዙ አልከራከረውም።

በ1820 ከሀብታም የእንግሊዝ ቤተሰብ ተወለደች። 16 ዓመቷ ላይ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት አመነች። ቤተሰቧ ነርስ መሆኗን ተቃወመ፤ በዚያን ጊዜ ሥራው የተናቀ ነበር። በኅዳር 1854፣ በክሬሚያ ጦርነት ጊዜ፣ 38 ሴቶችን ይዛ ከኢስታንቡል ማዶ ስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ደረሰች። ሌሊት መብራት ይዛ በቁስለኞች መሀል ስትዞር የሚያሳየው ሥዕል ዓለምን ዞሯል። ያ የረጂዋ ሥዕል ነው።

ከሆስፒታሉ የተመለሰችው ሴት ግን ሌላ መልኳን ይዛ ነው የመጣችው። ስኩታሪ ውስጥ ቁስለኛው በተቅማጥና በተስቦ ነበር የሚረግፈው። በ1855 ጸደይ ከለንደን የተላኩ ባለሙያዎች የፍሳሽ ቦዩን አስጠርገው አየር እንዲገባ ሲያደርጉ ሞቱ በፍጥነት ቀነሰ። ናይቲንጌል አገሯ ከገባች በኋላ ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ዊልያም ፋር ጋር ቁጥሮቹን ቆጠረች። በ1858 ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ ባለ ቀለም ሰንጠረዥ አሳተመች። ወታደሩን በብዛት የገደለው ጥይት ሳይሆን መከላከል የሚቻል በሽታ መሆኑን ማንም ባለሥልጣን እንዳይክድ አድርጋ ሣለችው። በ1860 የነርሶች ትምህርት ቤት ለንደን ላይ ተከፈተ። ሐዘኗን ወደ ሥርዓት ለወጠችው። ረጂ ብቻ ብትሆን የአንዱን ወታደር እጅ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ አራሚ ብቻ ብትሆን ደግሞ ወደ ስኩታሪ መሄዱን ትታ ለንደን ተቀምጣ ሪፖርት ትጽፍ ነበር።

ጥላውም ታይቷል። ወደ ስኩታሪ የላካትና በኋላም የጦር ሚኒስትር ሆኖ ለለውጡ አብሯት የደከመ ሲድኒ ኸርበርት የሚባል ወዳጅ ነበራት። ሰውየው በኩላሊት በሽታ እየሞተ ነበር። ሥራውን ልተው ሲላት ወቀሰችው። እሷም ራሷ በአብዛኛው አልጋ ላይ ሆና ነበር የምትሠራው፤ ለራሷ ያልፈቀደችውን ዕረፍት ለእሱ መፍቀድ አልሆነላትም። ነሐሴ 1861 በ50 ዓመቱ ሞተ። እሷ እስከ 1910፣ እስከ 90 ዓመቷ ኖረች። ከታላላቆች ጋር በዌስትሚንስተር አቢ እንድትቀበር ቢጠየቅም ቤተሰቧ እንደ ኑዛዜዋ እምቢ አለ። መቃብሯ ላይ ያለው የስሟ ሁለት ፊደል፣ የተወለደችበትና የሞተችበት ቀን ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ያኮርፋሉ?

የሪሶና ሃድሰን ትምህርት እያንዳንዱ ቁጥር ዘጠኝ ደረጃዎች አሉት ይላል፤ ሦስቱ ጤናማ፣ ሦስቱ መካከለኛ፣ ሦስቱ የታመሙ። አብዛኞቻችን መካከል ላይ ነን፣ እንደ ቀናችን ከፍ ዝቅ እንላለን። ጤናማው 2 ክንፍ 1 ረድቶ ይረሳል። መካከለኛው ረድቶ ይመዘግባል።

ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ያለች እህት እንውሰድ። በየወሩ ትልካለች። ከገንዘቡ ጋር የድምፅ መልእክት ይመጣል፦ ይሄ ለእማዬ መድኃኒት፣ ይሄ ለትንሹ ትምህርት ቤት፣ ይሄ ለቤት ኪራይ፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ክረምቱን በአሮጌ ጃኬት ነው ያሳለፈችው። አንድ ቀን ወንድሟ አዲስ ስልክ ይዞ ፎቶ ለጠፈ። ምንም አላለችም። ሁለት ሳምንት ዝም አለች። ከዚያ ደውላ ያን ሁሉ ዓመት የላከችውን ከነምክንያቱ ዘረዘረችው። ወንድምየው ደነገጠ፤ ዕዳ እንዳለበት አያውቅም ነበር። እሷም ከዚያን ዕለት በፊት ዕዳ ነው አላለችውም፣ ለራሷም ጭምር።

ኤኒያግራም ይህንን «2 ሲጨነቅ ወደ 8 ይሄዳል» ይለዋል። 8 ፊት ለፊት የሚጋፈጠው፣ አለቃው ጠባይ ነው። ለስላሳዋ ሴት በድንገት አዛዥ ትሆናለች። በ1 ክንፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ንዴቱ የሞራል ልብስ ይለብሳል። «ተናደድኩ» አትልም፤ «ትክክል አይደለም» ትላለች። ትክክል ስላልሆነ ነገር መከራከር ይቻላል፤ የተጎዳ ልብ ግን በክርክር አይድንም። ጠቡ የሚረዝመው ለዚህ ነው።

ከኤኒያግራም ውጪም ይህ ነገር ተጠንቷል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቪኪ ሄልግሰን ከሃይዲ ፍሪትዝ ጋር ሆና ከ1990ዎቹ ጀምሮ ራስን እስከ መርሳት ድረስ በሌላ ሰው ችግር ውስጥ መጥለቅን አጥንታለች። ሰውን መውደድና መንከባከብ ብቻውን ጉዳት የለውም። ራስን መተው ሲጨመርበት ግን ከጭንቀትና ከራስ ጤና ቸልተኝነት ጋር ይያያዛል።

ይህ የእኛው ይሉኝታ አይደለም እንዴ?

ይመስላል፣ አንድ ግን አይደለም። ይሉኝታ የሚሠራው ሰው እያየ ነው። ጎረቤት ምን ይላል ብሎ ሠርግ ላይ የሚያጥብ ሰው፣ የማያውቀው ከተማ ሲሄድ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። 2 ክንፍ 1 የማያውቀው ከተማም ሄዶ የሆቴሉን አልጋ አንጥፎ ይወጣል።

ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ሴቶቻችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለእንግዳ ውኃ እንዲያቀርቡ፣ ወንድማቸው ከበላ በኋላ እንዲበሉ ሆነው ነው ያደጉት። እንዲህ ያደገችን ሴት «አንቺ 2 ነሽ» ማለት የጫንንባትን ሥራ ጠባይዋ ነው ብሎ ማጽደቅ ሊሆን ይችላል። ደግ ሰውንም ሁሉ ቁጥር ውስጥ መክተት አያስፈልግም። አበበች ጎበና ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ በረሃብ ከሞተች እናት አጠገብ ያገኙትን ሕፃን ይዘው ቤታቸው ገቡ። እንዲህ ላለ ሥራ የልጁ ረሃብ በቂ ምክንያት ነው።

ሳይንስ ምን ይላል?

ብዙ አይደግፈውም። በ2021 የወጣ፣ ከመቶ በላይ ናሙናዎችን የተመለከተ የጥናቶች ግምገማ ውጤቱ የተደባለቀ መሆኑን አሳይቷል። አንዳንዱ መጠይቅ የሚያዝ ነገር ይዟል። ጥናቶቹ የሰዎችን መልስ በስታቲስቲክስ በየዓይነቱ ሲመድቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ አልወጣም፤ ከዘጠኝ ያነሰ ነው የወጣው። ክንፍን የሚደግፍ ጥናት ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። እስካሁን በሰፊው ያወራንለት ክንፍ ማለት ነው እንግዲህ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት አምስቱ ታላላቅ የሚባሉትን የጠባይ መለኪያዎች ነው። በእነሱ ቋንቋ የእኛ ሰው ምናልባት በተግባቢነትም በጥንቁቅነትም ከፍ ያለ ነጥብ ያገኝ ነበር። ልዩነቱ አምስቱ መለኪያዎች ሰውን በሣጥን አለመክተታቸው ነው፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ መካከል ይላሉ። ኤኒያግራም ሐኪም የሚሰጠው ምርመራ አይደለም። ሠራተኛ ለመቅጠር ወይም እጮኛ ለመምረጥ ማዋል ደፋርነት ነው። ቤት ውስጥ ወሬ ለመክፈት ግን ይጠቅማል፤ ለብዙዎች «እኔ እኮ እንዲህ ነኝ» ለማለት የመጀመሪያ ዕድል ሆኗል።

ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለስ?

«ምን ላግዝሽ?» አትበሉ። መልሱ «ምንም» ነው። ሥራውን አይታችሁ ያዙት፤ ቢቻል እሷ በምትሠራበት መንገድ። ምስጋናችሁ ደግሞ ስለ አንድ የታወቀ ነገር ይሁን። «ደግ ነሽ» ስትሏት ትሸሻለች። «ትናንት ሌሊት ሁለቴ ተነስተሽ ትኩሳቱን ስለለካሽው እኔ ተኛሁ» ብትሏት የምትሸሽበት የለም። ስትተቻችሁም ከትችቱ ጋር ከመታገላችሁ በፊት ከሰዓቱ ጋር ታገሉ፤ ከበላች ስንት ሰዓት ሆኗታል?

ባለ ጠባዩ ራሳችሁ ከሆናችሁ ሥራው ይከብዳል። በኤኒያግራም አነጋገር 2 ሲያድግ ወደ 4 ይሄዳል፤ 4 የራሱን ስሜት ቀረብ ብሎ የሚያይ ጠባይ ነው። በተግባር ሲታይ ነገሩ ትንሽ ነው፣ ግን ያሳፍራል፦ መጠየቅ። ቀንና ሰዓት ያለው፣ እምቢ ሊባል የሚችል ጥያቄ። «ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፣ አብረኸኝ ሂድ» ማለት። ሰውየው «ሐሙስ አይመቸኝም» ቢል ኩርፊያውም ጸጸቱም አብረው ይመጣሉ፤ ምን ብዬ ጠየቅሁ ያስብላሉ። ያን ጊዜ ሌላ ሰው መጠየቅ ነው። ቀጠሮው እንደሁ ሐሙስ ነው።